የቆሮሶ አፍ፦ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ከወላጅ የሚወረሰው የመንጠቆ ሙያ

ቆሮሶ አፉ ትንሽ ነው። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር አንድ ልጅ ከወላጁ አጠገብ ቁጭ ብሎ የሚማረው የማጥመድ ሙያ ሁሉ የሚመዘዘው ከዚህ ነው። አፉ ትንሽ ስለሆነ መንጠቆው ትንሽ ይሆናል፤ መንጠቆው ትንሽ ስለሆነ ትሉ ተቆርጦ ይሰካል፤ የሚጎርሰው ጥቂት ስለሆነ ንክሻው እምብዛም አይሰማም፤ ንክሻው ስለማይሰማ ደግሞ ክሩን የያዘው ጣት መንቃት፣ ወሬኛውም ልጅ ዝም ማለት አለበት። አባቴ ዘንግ ያስያዘኝ ለትምህርት ሳልደርስ ነው። የመጀመሪያውን ዓሣ ከመንጠቆው አላቆ መዳፉ ላይ አጋደመውና፣ «እናቴ፣ መጀመሪያ አፉን እዪ» አለኝ። ቅርፊቱን፣ ክንፉን፣ ጅራቱን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ስለ ሐዋሳ ዓሣ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ጀልባውና ስለ መረቡ ነው። ገበያውን የሚያጠግበው እሱ ስለሆነ አይፈረድም። የመንጠቆው ሙያ ግን የልጆች ጨዋታ ተብሎ ይታለፋል። እኔ ግን ሐይቁን በቅጡ የሚያውቅና የሚሳሳለት ሰው የሚወጣው ከዚህ ጨዋታ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ሙያውንም፣ ዓሣውንም፣ ሐይቁንም ላስተዋውቃችሁ።

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የምትገኝ፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ዛሬ የሲዳማ ክልል መዲና ሆናለች። ሐይቋ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች አነስተኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። ስፋቱ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ በጣም የጠለቀው ቦታም ከ20 ሜትር ብዙ አይዘልም። ከጨለለቃ ረግረግ የሚነሳው ጥቁር ውሃ ይገባበታል፤ ከሻሸመኔ በኩል ወደ ከተማዋ የመጣ ሁሉ ያንን ወንዝ ሳይሻገር አይገባም። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። መውጫ የሌለው ሐይቅ አብዛኛውን ጊዜ ጨዋማ ይሆናል፤ ሻላና አቢጃታ ለዚህ ምስክር ናቸው። የሐዋሳ ውሃ ግን ለዓሣ ተስማሚ ሆኖ ቆይቷል። ተመራማሪዎች ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ ውሃው በከርሰ ምድር ሰርጎ መውጫ ያገኛል ይላሉ። ደለልና ቆሻሻን ግን አጥቦ የሚወስድለት ወንዝ ስለሌለ፣ ከተማዋ የምትለቅበት ነገር እዚያው ይጠራቀማል።

በሐይቁ ውስጥ ስድስት ዓይነት ዓሣ ይኖራል። ሦስቱ ደቃቆች ናቸው፤ ማንም ለገበያ አይፈልጋቸውም። ገበያ የሚያውቃቸው ቆሮሶ፣ አምባዛና ቢልጫ ናቸው፤ ከእነዚህም ውስጥ ከሐይቁ የሚወጣው እጅግ አብዛኛው ቆሮሶ ነው። ሐዋሳ ሄዶ «ዓሣ በላሁ» ያለ ሰው፣ ሳይጠየቅ፣ ቆሮሶ ነው የበላው።

ይህ ዓሣ የሐዋሳ ብቻ አይደለም። ስዊድናዊው ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ለሳይንስ ሲመዘግበው በአባይ ስም ጠርቶታል። የጥንት ግብፃውያን ከ3,000 ዓመት በፊት በመቃብር ግድግዳዎቻቸው ላይ ደጋግመው ስለውታል፤ የትንሣኤ ምልክት አድርገውም ይቆጥሩት ነበር። ዛሬ ከቻይና እስከ ብራዚል በኩሬ እየረባ የዓለምን ገበያ ሞልቶታል። በሌላው አገር ፋብሪካ የሚያክል ኩሬ የሚቆፈርለት ዓሣ፣ እኛ ዘንድ ልጅ በሸምበቆና በትል ያወጣዋል። ይህ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

የመንጠቆው መሣሪያ ቀላል ነው። ዘንጉ ሸምበቆ ነው። ገና እርጥብ እያለ ይለመጣል፤ በጣም ከደረቀ ደግሞ ይሰበራል፤ ስለዚህ ተቆርጦ ጥላ ሥር የሰነበተው ይመረጣል። ጫፉ ላይ ናይለን ክር ይታሰራል። ክሩ ከዘንጉ ጋር እኩል ቢሆን ለልጅ እጅ ይመቻል፤ ከረዘመ ሲወረወር ከኋላ ካለ ቅጠል ጋር ይያያዝና ቀኑን ሙሉ ሲፈቱ መዋል ነው። ከመንጠቆው ከፍ ብሎ ቡሽ፣ ቡሽ ከሌለም ከአሮጌ ነጠላ ጫማ የተቆረጠ ቁራጭ ክሩ ላይ ይሰካል፤ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ወሬ የሚነግረን እሱ ነው። ከእሱ በታች ክሩን ወደ ውሃው የምትስብ ትንሽ እርሳስ ትታሰራለች። መጨረሻ ላይ መንጠቆው።

መንጠቆ እጅግ ጥንታዊ ነገር ነው። በጃፓን ኦኪናዋ ደሴት ዋሻ ውስጥ ከቀንድ አውጣ ቅርፊት የተሠሩ፣ 23,000 ዓመት ገደማ የሆናቸው መንጠቆዎች ተገኝተዋል። ከዚያ ወዲህ ቁሱ ከቅርፊት ወደ አጥንት፣ ከአጥንት ወደ ነሐስና ብረት ተለወጠ እንጂ ቅርጹ ብዙም አልተለወጠም። የዛሬው መንጠቆ ጫፉ ላይ ወደ ኋላ የዞረች ጥርስ አለችው፤ የገባው ተመልሶ እንዳይወጣ የምታደርገው እሷ ናት። አባቴ ይህችን ጥርስ በፒንሳ ይጨፈልቃት ነበር። ያን ጊዜ አልገባኝም፤ ዓሣ እያመለጠን ለምን እንዲህ ያደርጋል ብዬ እበሳጭ ነበር። ኋላ እንደገባኝ፣ ጥርስ የሌለው መንጠቆ ከዓሣው አፍ ሲወጣ ሥጋ አይቦጭቅም፤ የተመለሰው ዓሣ ይድናል። በሌላው ዓለም ዓሣ ይዘው የሚለቁ አጥማጆችም ይህንኑ ያደርጋሉ። አባቴ ከማን እንደተማረው አልነገረኝም።

ትል መልቀም የልጅ ሥራ ነው። ሐዋሳ ውስጥ ግቢ ያለው ሰው ከሙዝ ሥር ወይም የዕቃ ማጠቢያ ውሃ የሚደፋበትን ቦታ ይቆፍራል፤ አፈሩ እርጥብና ጥቁር ከሆነ ትል አይጠፋም። ትሉ ከነአፈሩ ጣሳ ውስጥ ይደረጋል፤ ፀሐይ ከነካው ይሞታል፣ የሞተ ትል ደግሞ መንጠቆ ላይ አይቆይም። ትል ከጠፋ ጠንከር ተደርጎ የተለወሰ የስንዴ ሊጥ ይተካዋል። ሊጡ ላላ ካለ ውሃው ውስጥ ሟሙቶ ያልቃል፤ ደቃቅ ዓሦችም ሳይያዙ ይግጡታል።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ጊዜው ጠዋት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳና ውሃው ይናወጣል፣ ተንሳፋፊው በማዕበል ይሁን በዓሣ እንደተነቃነቀ መለየት ያስቸግራል። ቆሮሶ ዘሎ አይነክስም። ተንሳፋፊው መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፤ ይህ መቅመሱ ነው። ያልለመደ ልጅ እዚህ ላይ ይጎትትና ባዶ መንጠቆ ያወጣል። ቀጥሎ ተንሳፋፊው ወደ ጎን ሸርተት ይላል፣ ወይም ይሰምጣል። ያኔ ክንድን ሳያነሱ በእጅ አንጓ ብቻ ዘንጉን ቀና ማድረግ ይበቃል።

«አባዬ፣ አሁን?»

«ገና ነው።»

«አሁንስ?»

«ዓሣው ይንገርሽ እንጂ እኔ ምን አውቄ፣ የኔ እናት!»

ይህ የማስተማር ዘዴ መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ትክክለኛዋን ቅጽበት ማንም ለማንም ሊነግር አይችልም፤ አባትየው «ጎትቺ» እስኪል ዓሣው ሄዷል። ወላጅ ማድረግ የሚችለው ልጁ ዓይኑን ከተንሳፋፊው ላይ እንዳያነሳ ማድረግ ብቻ ነው። አጠገባችን ጥቁርና ነጭ ላባ ያላት ዓሣ አጥማጅ ወፍ አየር ላይ ባለችበት ቆማ ክንፎቿን እያርገበገበች ውሃውን ስታይ ትቆይና በአፍጢሟ ትወረወራለች፤ ብዙ ጊዜም ባዶዋን ትመለሳለች። አባቴ እሷን እያሳየ ነበር ትዕግሥት የሚያስተምረኝ።

ሴት ልጅ ይዞ ሐይቅ ዳር መዋል ያን ጊዜ እንግዳ ነገር ነበር። ጎረቤቶች ይጠይቁ ነበር፤ እናቴም ስንወጣ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ሳትል አታሰናብተንም። የእናቴ ስጋት ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ስለ እሱ ቆየት ብዬ አነሳለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ያደገ ቆሮሶ በሐዋሳ ሐይቅ የሚኖረው በአብዛኛው ውሃው ውስጥ በሚንሳፈፉ፣ በዓይን በማይታዩ አረንጓዴ ዕፅዋት ነው። ውሃውን በስንጥቡ እያጣራ ይመገባል። ታዲያ ትልን ምን ያደርግለታል? መልሱ ከዕድሜው ላይ ነው። ትንሹ ቆሮሶ ነፍሳትንና ጥቃቅን የውሃ እንስሳትን ይበላል፤ የሚኖረውም ሳርና ቄጠማ ባለበት፣ ጥልቀት በሌለው የሐይቁ ዳርቻ ነው። ስለዚህ ዳር ላይ ተቀምጦ ትል የሚጥል ልጅ ከሁሉ በፊት የሚያገኘው ገና ያላደገውን ዓሣ ነው። ትልቁም ትሉን አይንቅም፤ ነገር ግን ዳርቻው የልጆቹ ሰፈር ነው። ልጅ ልጅን ያጠምዳል ማለት ነው።

በዚህ ምክንያት የመንጠቆ ሙያ ከስንዝር ተለይቶ አይሰጥም። አባቴ የያዝነውን ዓሣ ሁሉ መዳፉን ዘርግቶ ይለካዋል፤ ከአፉ እስከ ጅራቱ ከስንዝሩ ያነሰ ይመለሳል። በእኔ ስንዝር ልለካ ስል አይፈቅድም፤ የእኔ ስንዝር አጭር ስለሆነ ብዙ ዓሣ «ደርሷል» ያሰኝ ነበርና። ይህ ሕግ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። የሐዋሳ ቆሮሶ ለመራባት የሚደርሰው ርዝመቱ ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን ነው፤ የአዋቂ ሰው ስንዝርም ከዚያ ብዙም አይርቅም። ሳይንስ በማስመሪያ ያገኘውን አባቶች በእጃቸው ይዘውት ነበር። ከስንዝር በታች ያለን ዓሣ መመለስ ማለት አንድ ጊዜ እንኳ ሳይወልድ እንዳይሞት ማድረግ ነው።

ደግሞም የአወላለዱ ነገር አለ። ወንዱ ቆሮሶ ጥልቀት በሌለው ቦታ አሸዋውን ወይም ጭቃውን እየጫረ ክብ ጎድጓዳ ቤት ይሠራል። ሴቷ እዚያ ትጥልና እንቁላሎቿን ወዲያው በአፏ ትሰበስባቸዋለች። በመቶዎች የሚቆጠሩ እንቁላሎች በዚያች ትንሽ አፍ ውስጥ ይፈለፈላሉ። ጫጩቶቹ መዋኘት ከጀመሩ በኋላም ወዲያው አይለዩዋትም፤ አንዳች ነገር ካስደነገጣቸው ተግተልትለው ወደ አፏ ይመለሳሉ። ይህ ሁሉ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ግብፃውያን ዓሣውን የትንሣኤ ምልክት ያደረጉትም ይህን አይተው ነው ይባላል፤ ከአፍ ሕይወት ሲወጣ ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

በዚያ ሁለት ሳምንት ውስጥ እናትየው ከምግብ ትታቀባለች። አፏ የልጆቿ ቤት ሆኗልና። ስለዚህ ያቀፈች ቆሮሶ በመንጠቆ የምትያዘው እምብዛም ነው፤ ትሉን አትጎርስም። መረብ ግን አፍ አይጠይቅም፤ በስንጥቧ በኩል ይይዛታል። መረቡ ውስጥ ስትታገል እንቁላሎቿንም ጫጩቶቿንም ትተፋቸዋለች፤ የሚቀረው እሷ ብቻ ናት። አባቴ አንድ ጠዋት ዓሣ አስጋሪዎች መረባቸውን ሲያራግፉ ወስዶ ጀልባው ወለል ላይ የፈሰሱትን ቢጫ እንቁላሎች አሳየኝ። ምንም አላለም። «አፉን እዪ» ያለኝ ለምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

የሐዋሳ ቆሮሶ ዓመቱን ሙሉ ቢወልድም በርትቶ የሚራባባቸው ሁለት ጊዜያት አሉ፤ አንዱ ከጥር እስከ መጋቢት፣ ሌላው ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። ይህን በጥናት ያረጋገጠው ኢትዮጵያዊው የዓሣ ተመራማሪ ደመቀ አድማሱ ነው። ይኸው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2000 ከጆን ካስልማን ጋር ባሳተመው ሌላ ጥናት የዓሣውን ዕድሜ የሚናገር ነገር አሳይቷል። በዓሣ ጆሮ ውስጥ ትንሽ ድንጋይ አለች፤ ዛፍ በግንዱ ላይ እንደሚያደርገው ሁሉ ዓሣውም በዚህች ድንጋይ ላይ የዕድገቱን ቀለበት ይጽፋል። የሐዋሳ ቆሮሶ ግን በዓመት አንድ ሳይሆን ሁለት ቀለበት ይጽፋል። ይህን የማያውቅ ሰው ቀለበቱን ቆጥሮ የዓሣውን ዕድሜ እጥፍ ሊያደርገው ይችላል፤ የዓሣው ዕድሜ የተሳሳተበት ሐይቅ ደግሞ ስንት ዓሣ ቢወጣበት እንደማይጎዳ በትክክል ሊሰላለት አይችልም። ቆሮሶ በጠረጴዛችሁ ላይ ሲቀርብ እንዲህ ዓይነት መጽሐፍ በጆሮው እንደያዘ አስቡ።

አምባዛ ሌላ ትምህርት ነው፤ ለልጅ እጅም አይሆንም። ቅርፊት የለውም፣ አፉ ዙሪያ ረጃጅም ጢም አለው፣ በጨለማ የሚንቀሳቀስ ነው። አየርም ስለሚተነፍስ ከውሃ ወጥቶ ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ሞቷል ተብሎ የተጣለ አምባዛ ድንገት ሲላወስ ልጆች ይበታተናሉ። በግራና በቀኝ ጎኑ ባሉት ክንፎቹ ሥር ጠንካራ እሾህ አለው፤ አያያዙን የማያውቅ ይወጋል። ዓሣ አስጋሪዎች የሚይዙት ብዙ መንጠቆ በተንጠለጠለበት ረጅም ገመድ ላይ የዓሣ ቁራጭ እየሰኩ ማታ ጥለውት በማደር ነው። ቅርፊት የሌለውን ዓሣ አንበላም የሚሉ ምእመናን ብዙ ስለሆኑ በገበያ ከቆሮሶ ያነሰ ክብር አለው።

ቢልጫን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ቢልጫ እያደገ ሲሄድ ሌላ ዓሣ ወደ መብላት ይዞራል። ዘሪሁን ደስታ የተባለው ተመራማሪ ከኖርዌይ ባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ባደረገው ጥናት፣ ዓሣ በሚበሉት ትላልቅ ቢልጫዎች ሥጋ ውስጥ ያለው ሜርኩሪ ከሌሎቹ ከፍ ያለ መሆኑን አግኝቷል። ዕፅዋት የሚበላው ቆሮሶ ከዚህ ነፃ ለመሆን በጣም የቀረበ ነው። እዚህም ላይ ጥያቄው ያው ነው፤ ዓሣው በአፉ ምን ያስገባል?

ማጥመድ የተማረ ልጅ አሞራ ገደልን ሳያውቅ ትምህርቱ አይሞላም። በታቦር ተራራ በኩል ባለው የሐይቁ ዳር የሚገኘው ይህ ገበያ ጠዋት ጠዋት በጀልባ፣ በመረብና በሰው ይሞላል። ማታ የተጣሉት መረቦች ንጋት ላይ ተነስተው ዓሣው የሚራገፈው እዚህ ነው። ቁመታቸው የልጅ ቁመት የሚያህል አባ ኮዳዎች ከሰው መሃል ገብተው የሚጣልላቸውን የዓሣ አንጀት ይጠብቃሉ። ዛፎቹ ላይ ጦጣዎችና ጉሬዛዎች አሉ። ልጆች ስለታም ቢላ ይዘው ቆሮሶውን ቅርፊቱን ፍቀው፣ ቆዳውን ገፍፈው፣ እሾሁን ለይተው ፊሌቶ ሲያወጡ ዓይን አይከተላቸውም። የዚያ እጅ ቅልጥፍና የገባው ሰው ስለ ሥራው ዋጋ መከራከር ያሳፍረዋል።

ጾም ሲሆን ገበያው ይጋጋላል፤ በተለይ በዐቢይ ጾም ከአዲስ አበባ ሳይቀር ፈላጊው ይበዛል። ይህ ሁሉ ቢሆንም አገራችን ዓሣ በብዛት ከማይበላባቸው አገሮች አንዷ ናት፤ አንድ ኢትዮጵያዊ በአማካይ በዓመት አንድ ኪሎ እንኳ አይበላም፤ የዓለም አማካይ ግን ወደ 20 ኪሎ ይደርሳል። አሞራ ገደል የሄደ እንግዳ ሙሉውን የተጠበሰ ቆሮሶ በዳጣ ይቀርብለታል፤ ሾርባውም ስሙ የተጠራ ነው። ጥሬ ዓሣ በአዋዜ የሚያምረውም ብዙ ነው። እዚህ ላይ ግን አባቴ ፊት አይሰጠኝም ነበር፤ አብስለው ካልሆነ አያበላኝም። ትክክል ነበር። በሐዋሳ ሐይቅ ቆሮሶም ሆነ አምባዛ ውስጥ፣ ዓሣ በሚበሉ ወፎች አማካይነት የሚተላለፉ ክር መሰል ጥገኛ ትሎች እንዳሉ ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። እሳት በደንብ ያየ ዓሣ ግን አያሰጋም።

የእናቴ ዘንዶ ሦስት ነበር። የመጀመሪያው ጉማሬ ነው፤ በተለይ ጥቁር ውሃ በሚገባበት በኩል ሣር የበዛበት ቦታ ሲመሽና ሲነጋ አይጠጉትም። ሁለተኛው የከሰዓት ነፋስ ነው፤ በመቅዘፊያ የሚሄድ ትንሽ ጀልባ ላይ ልጅ አስቀምጦ ከዳር መራቅ ድፍረት ነው። ሦስተኛው አይታይም፤ ቢልሃርዚያ ነው። በሐይቁ ዳርቻ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ አድጎ በውሃው በኩል ቆዳን በስቶ ይገባል፤ በሐዋሳ ሐይቅ አካባቢ ባሉ ተማሪዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶችም ተገኝቷል። ስለዚህ በሸምበቆ የሚያጠምድ ልጅ ደረቅ መሬት ላይ፣ ድንጋይ ላይ ወይም ግንድ ላይ ይቀመጥ፤ ውሃ ውስጥ እግሩን ነክሮ አይዋል። ሐይቅ ዳር የሚውል ልጅ በትምህርት ቤት የሚሰጠው መድኃኒት እንዳያመልጠው ማድረግም የወላጅ ፈንታ ነው።

ለዓሣ ሀብት በ1995 ዓ.ም. ሕግ ወጥቷል፤ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ይባላል። የሐይቁ ዕለታዊ ኑሮ ግን ከወረቀቱ ርቋል። የመረብ ዓይን እየጠበበ መጥቷል፤ ተመራማሪዎችም ለመራባት ያልደረሰ ቆሮሶ በብዛት እንደሚያዝ ደጋግመው ጽፈዋል። ዳርቻው ላይ የጫጩቶቹ መጠለያ የነበረው ቄጠማ በግንባታና በእርሻ ይመነጠራል። የከተማዋ ፍሳሽና ከተራሮቹ የሚወርደው ደለል መውጫ በሌለው ሐይቅ ውስጥ ይገባል። በዚህ ሁሉ መሃል ዓሣ አስጋሪውን ብቻ መውቀስ አልወድም። ዓይኑ የጠበበ መረብ የሚጥለው ቤቱ ልጆች ስላሉት ነው፤ ትናንት የያዘውን ያህል ዛሬ ሰፊ ዓይን ባለው መረብ አያገኝምና። ነገር ግን ትንሹን ዓሣ የሚገዛ ሰው ባይኖር ያንን መረብ መጣል ትርፍ የለውም። ገዢዎቹ ደግሞ እኛው ነን፤ አብዛኞቻችን ቆሮሶን የምናውቀው ተጠብሶ ሳህን ላይ ሲቀርብ ብቻ ነው።

ስለዚህ የመንጠቆው ትምህርት ለሐይቁ የሚጠቅመው በሚያወጣው ዓሣ ብዛት አይደለም፤ በሸምበቆ የሚያዘው ዓሣ ከመረቡ ጋር ሲነጻጸር ከምንም አይቆጠርም። የሚጠቅመው ስንዝር የሚያውቅ ገዢ፣ የመራቢያውን ወር የሚያውቅ የከተማ ነዋሪ፣ ያቀፈች እናት አይቶ የሚያዝን ባለሥልጣን ስለሚያወጣ ነው። ይህን በክፍል ውስጥ ማስተማር ይቻላል፤ መጻፍም ይቻላል። በራሱ እጅ ለክቶ የመለሰ ልጅ ግን አይረሳውም፤ እኔ አልረሳሁትም።

ሐዋሳ ያላችሁ ወላጆች፣ ለዕረፍትም ልጆቻችሁን ይዛችሁ የምትመጡ፣ አንድ ጠዋት ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ከመንሸራሸራችሁ በፊት ሸምበቆና ክር ያዙ። የመንጠቆውን ጥርስ ጨፍልቁት። ወንድ ልጅ ብቻ ሳይሆን ሴት ልጃችሁንም ውሰዱ። አሞራ ገደል ስትገዙ ከስንዝር ያነሰውን አትቀበሉ፤ ዓሣው በርትቶ በሚራባባቸው ወራት ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቁ። ልጃችሁ የመጀመሪያዋን ቆሮሶ ሲያወጣም መዳፋችሁን ዘርግታችሁ ለኩለት፤ ካነሰች በገዛ እጁ ወደ ውሃው ይመልሳት።